ሽቅብ ብቻ የምትንቀጠቀጥ ቪትዝ

ኮምቦልቻ ጋራዥ የገባችው ቶዮታ ቪትዝ ወደ ደሴ የሚወስደውን የሐረጎን ዳገት ስትወጣ ትንቀጠቀጣለች። ደሴ ደርሳ ቁልቁል ስትመለስ፣ ከተማ ውስጥም ስትዞር ምንም የለባትም። ባለቤቱ አራቱንም ካንዴላ ቀይሯል፤ ለካንዴላው እሳት የሚሰጠውን የአንደኛውን ሲሊንደር ኮይልም አዲስ ገዝቶ አስገብቷል። "ወላሂ ጋሼ፣ ከዚህ በላይ የምቀይረው የለኝም" አለ።

ስካነር ሲሰካ ፒ1300 የሚል የብልሽት ኮድ አወጣ፤ የአንደኛው ኮይል መስመር ማለት ነው። የአንደኛውና የሁለተኛው ኮይል ቦታ ተለዋውጦ ዳገቱ እንደገና ተሞከረ። ኮዱ ኮይሉን አልተከተለም፤ እዚያው አንደኛው ላይ ቀረ። ስለዚህ መታየት ያለበት ወደ ኮይሉ የሚሄደው ሽቦ ነው። ይህ ሙከራ የደቂቃዎች ሥራ ነው፤ ኮይል ከመግዛት በፊት መደረግ ነበረበት።

የቪትዟ ኦርጅናል ዳሽቦርድ የሞተሩን ዙር በደቂቃ የሚያሳይ ጌጅ (አርፒኤም) ስለሌለው ሰውዬው ከውጭ ገዝቶ አስገጥሟል። ሞተሩ ነዳጅ ሳይረገጥ ሚኒሞ ላይ ሆኖ የጌጁ መርፌ 200 አካባቢ ይርገበገባል።

"ይኸስ?" አለ ዋናው መካኒክ።

"እሱን ተወው ጋሼ። የገጠመልኝ ልጅ 'ጌጁ ተበላሽቷል፣ ሌላ ግዛ' ብሎኛል።"

ዋናው መካኒክ ነዳጅ እያስረገጠ ስካነሩንና ጌጁን ጎን ለጎን አነበበ። ስካነሩ 2,000 ሲል ጌጁ 500፤ ስካነሩ 3,200 ሲል ጌጁ 800።

"የተበላሸ ጌጅ እንዲህ ሁሌም በአራት እያካፈለ አይሳሳትም። ምልክቱን ከየት ነው የወሰደው?"

የሞተሩ ኮምፒውተር አንደኛውን ኮይል ከሚያዝበት ሽቦ ነበር የወሰደው።

አራት ሲሊንደር ያለው ሞተር በአንድ ዙር ሁለት ጊዜ እሳት ይሰጣል፤ የሲሊንደር መምረጫው 4 ላይ የተደረገ ጌጅም የሚጠብቀው ይህንኑ ነው። እሳቱን ለየሲሊንደሩ የሚያከፋፍል ዲስትሪቢውተር ያላቸው የድሮ ኮሮላዎች ለአራቱም የሚያገለግል አንድ ኮይል ስላላቸው ከኮይሉ ኔጋቲቭ መውሰድ ትክክል ነው። ቪትዝ ግን ለየሲሊንደሩ የራሱ ኮይል አላት፤ አንዱ ኮይል በሁለት ዙር አንድ ጊዜ ብቻ ይተኩሳል። ጌጁ ሩቡን ያነበበው ለዚህ ነው። የሲሊንደር መምረጫውን 8 ላይ ማድረግ ንባቡን በግማሽ ከመቀነስ በቀር አይፈይድም።

መንቀጥቀጡን ያመጣው ግን ከኮይሉ ወደ ጌጁ የተሳበው ሽቦ አካሄድ ነው። ሞተሩንና ጋቢናውን የሚለየው ላሜራ ተበስቶ ሽቦው ያለ ጎማ፣ ያለ ምንም ትርፍ ርዝመት ተወጥሮ አልፏል። ዳገት ላይ ሞተሩ ሲጨነቅ በተቀመጠባቸው የሞተር ጎማዎች ላይ ዘንበል ይላል፣ ሽቦውንም ይጎትታል። የላሜራው ስለት ልባሱን በልቶታልና መዳቡ ቦዲ ይነካል፤ የኮምፒውተሩ ትእዛዝ ኮይሉ ጋ ሳይደርስ እዚያው ይቀራል፣ አንደኛው ሲሊንደርም እሳት ያጣል። ቁልቁለት ላይ ሞተሩ ወደ ቦታው ሲመለስ ሽቦው ይላቀቃል። ያን ቀዳዳ ጎንበስ ብሎ ሳያይ ሰውን ለማያስፈልግ ዕቃ ገንዘብ ማስወጣት ያናድዳል።

የኮይሉ ሽቦ በሊድ ተበይዶ በሙቀት በሚኮማተር ላስቲክ ተሸፈነ። ናስትሮ ብቻውን ሞተር ቤት ውስጥ ሙጫው ቀልጦ ይፈታል። ለምልክቱ ከመሪው በታች ያለው የመመርመሪያ ሶኬት 9ኛ እግር ተሞከረ። ብዙ ቶዮታዎች ላይ የአርፒኤም ምልክት እዚያ ይገኛል፤ ሆኖም በእያንዳንዱ መኪና ሳይሞክሩ እርግጠኛ መሆን አይገባም። እዚህ ሠራ፣ ጌጁም ከስካነሩ እኩል አነበበ። ሞተር ቤት የሚገባ ሽቦ ስላላስፈለገ ቀዳዳው በጎማ ተደፈነ።

የጌጁ ቀይ ሽቦ ቁልፍ ሲከፈት ብቻ ኤሌክትሪክ ወደሚያገኝ መስመር ተገናኘ፣ በ2 አምፒር ፊውዝ። በቀጥታ ከባትሪ ከተወሰደ መኪናዋ ቆማም ባትሪ ይበላል። ጥቁሩ ቀለሙ ተፍቆ ንጹሕ ብረት ላይ፤ ነጩ ከፓርኪንግ መብራት።

አሮጌው ኮይል ደህና ስለሆነ ለመጠባበቂያ እንዲይዘው ተነገረው። እሱ ግን ዓይኑ ከጌጁ አልተነሣም።

"ሐረጎን ስወርድ ስንት ላይ ልያዘው?"

"በሁለተኛ ማርሽ ውረድ፣ 3,000 ቢልም 4,000 ቢልም አትደንግጥ። ወደ ቀዩ መውጣት ከጀመረ ፍሬኑን ጠንከር አድርገህ ያዝና ልቀቀው። ፍሬኑን እንደረገጥክ እስከ ቁልቁለቱ መጨረሻ አትውረድ፣ ይግላል።"