«ደረጃ የለውም» ሲሉኝ

እናቴ በዊልቸር መንቀሳቀስ ከጀመረች ወዲህ የትም ከመሄዳችን በፊት እደውላለሁ። አንድ ቀን ለዘመድ ዝግጅት ደወልኩ።

«ደረጃ አለው?»

«የለውም፣ አያስቡ።»

ስንደርስ በሩ ላይ ሁለት ደረጃ። ስልኩን ያነሳው ልጅ የዋሸኝ አይመስለኝም። ቆሞ ለሚሄድ ሰው ሁለት ደረጃ ዓይን ውስጥ አይገባም። ሦስት ወጣቶች መጥተው «ችግር የለም፣ እናነሳቸዋለን» አሉ። ቅን ልጆች ናቸው። እናቴ ግን የወንበሩን መደገፊያ ጨምድዳ ይዛ ዓይኗን ጨፈነች። እስክንገባ ድረስ ቃል አልተነፈሰችም።

ከዚያ ወዲህ «ይመቻል ወይ?» ብዬ አልጠይቅም። በቁጥር ነው የምጠይቀው። የእሷ ዊልቸር ወርዱ 64 ሳንቲ ሜትር ነው። ጎማውን ራሷ ስለምትገፋ ለእጇም ቦታ ያስፈልጋል። ስለዚህ በሩ ተከፍቶ 80 ሳንቲ ሜትር ክፍተት ካልተረፈ ይቅርብን። በሩ ባለ ሁለት ክንፍ ከሆነ ሁለተኛው ይከፈት እንደሆነም አጣራለሁ።

«ራምፕ አለን» ሲሉኝ ደግሞ የዚያን ተዳፋት መውጫ ርዝመት እጠይቃለሁ። የተለመደው መለኪያ 1 ለ12 ነው። 15 ሳንቲ ሜትር ለመውጣት 1 ሜትር ከ80 ያስፈልጋል ማለት ነው። ደረጃ ላይ የተጋደመ አጭር ጣውላ ወንበሩን ወደ ኋላ ሊገለብጠው ይችላል።

ከሁሉም የሚያሳስበኝ መጸዳጃ ቤቱ ነው። እናቴ ልንወጣ ስንል ለካ ውሃ አትጠጣም ነበር። ብዙ ወር ቆይቼ ነው ያወቅኩት፤ በጣም አመመኝ። ዊልቸር ለማዞር 1 ሜትር ተኩል ያህል ስፋት ይፈልጋል። የአካል ጉዳተኛ ምልክት ተለጥፎበት መጥረጊያና ካርቶን የታጨቀበት ክፍልም አይቻለሁ። አሁን ፎቶ ላኩልኝ እላለሁ። ቅር የሚለው ይኖራል፣ ብዙው ግን ይልካል።

ጉግል ማፕስ ላይ የዊልቸር መረጃ ያላቸው ቦታዎች አሉ። ዊልማፕ የሚባለው የኢንተርኔት ካርታም ከ2010 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ቦታዎችን ለዊልቸር እንደሚመቹበት መጠን በአረንጓዴ፣ በብርቱካናማና በቀይ ይለያል። የሚሞሉት እንደኛ ያሉ ሰዎች ስለሆኑ እኔም ከሄድኩበት ሁሉ እጽፋለሁ። ሜትር ከቦርሳዬ አይጠፋም። የትናንቱ እንዲህ ይላል፦ «መግቢያ 1 ደረጃ፣ 9 ሳንቲ ሜትር። በር 83። መጸዳጃ ቤቱ ሰፊ ነው፣ የእጅ መደገፊያው ግን በግራ በኩል ብቻ። የሊፍቱ ቁልፍ ጥበቃው ጋ ነው፣ ቀድማችሁ ደውሉ።»