ቃሪያን ከቅርንጫፍ ማባዛት፦ ልደታ በረንዳ ላይ የሠራልኝ ዘዴ

ከጉልት የገዛውን ቃሪያ ፍሬ ዘርቶ ያበቀለ ሰው ካለ ዕድለኛ ነው። ለስንግና ለሰላጣ የምንገዛው ቃሪያ በአረንጓዴው የተቀጠፈ ነው፤ ውስጡ ያለው ዘር ገና አልበሰለም። ጥቂቱ ቢበቅል እንኳ አብዛኛው እዚያው አፈር ውስጥ በስብሶ ይቀራል። ቀይ የበሰለ ዛላ ብታገኙም የአዲስ አበባ ብርድ አለላችሁ። የበርበሬ ዘር ቶሎ የሚበቅለው አፈሩ ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ሲሞቅ ነው። እኛ ደግሞ የምንኖረው ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብለን ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት እንኳን ዘር ሰውም ጋቢ ይፈልጋል።

ስለዚህ ዘሩን ተውኩት። አሁን ልደታ ኮንዶሚኒየም በረንዳዬ ላይ ያሉት ቃሪያዎች በሙሉ ከአንዲት ተክል የተቆረጡ ናቸው።

ተክሏ የእኔ አልነበረችም። ታች ያሉ አንዲት እናት በዘይት ጀሪካን ያሳደጓት ናት። ቃሪያዋ ቀጠን፣ ጠመም ያለች ናት፤ ግን ታቃጥላለች! አንዷ ፍሬ ለአንድ ሰሃን ሽሮ ትበቃለች።

«እማማ፣ አንድ ሁለት ቅርንጫፍ ቢሰጡኝ?» አልኳቸው።

«ቃሪያውን አትወስድም እንዴ? ቅርንጫፉን ምን ልታደርገው ነው?»

«ልተክለው።»

«ይጸድቃል ብለህ ነው? በል ቁረጥ። አበባ የያዘውን ግን እንዳትነካብኝ!»

እሳቸው ለፍሬያቸው ሳስተው ነው። ለእኔም የሚበጀኝ እሱው ነበር። አበባ የያዘ ቅርንጫፍ ጉልበቱን ፍሬ ለማፍራት ስለሚያውለው ሥር ለመስደድ ይለግማል። ችግሩ ቃሪያ ቅርንጫፉ በተከፈለበት ሁሉ ያብባል፤ ትልቅ ተክል ላይ አበባ የሌለው ቀንበጥ ማግኘት ከባድ ነው። ካልተገኘ አበባውንም እምቡጡንም በጥፍር መልቀም ነው።

የምመርጠው ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር የሚሆን፣ ገና አረንጓዴ የሆነ፣ ግን ጎንበስ ሲያደርጉት ቶሎ የማይልፈሰፈስ ቀንበጥ ነው። ቡናማ የሆነው፣ እንጨት የመሰለው አሮጌ ግንድ ሥር ለማውጣት ዳተኛ ነው። ጫፉ ላይ ያለው ለጋ ደግሞ በአንድ ቀን ይጠወልጋል።

ከመቁረጤ በፊት ቅጠሉን ገልብጬ አያለሁ። ቅጠሉ ከተጨማደደ፣ ወይም ቢጫና አረንጓዴ ሆኖ ከተዥጎረጎረ ቫይረስ ሊሆን ይችላል። ከዚያ ተክል አልወስድም። ቅርንጫፉ ያው እናቱ ነው፤ በሽታዋን ይዞ ነው የሚመጣው። በአገራችን በርበሬ ላይ ተገኝቶ በኢትዮጵያ ስም የተጠራ ቫይረስ እንኳ አለ። ሲጋራ የምታጨሱ ደግሞ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። ትምባሆና በርበሬ ዘመዳሞች ናቸው፤ የትምባሆው ቫይረስ በእጅ ይተላለፋል።

የምቆርጠው በአልኮል በተጠረገ አዲስ ምላጭ ነው። መቀስ ግንዱን ይጨፈልቀዋል። መቁረጫው ከአንጓው፣ ማለትም ቅጠሉ ከግንዱ ከሚወጣበት ቦታ፣ ትንሽ ዝቅ ብሎ ነው፤ ሥሩ ቶሎ የሚወጣው አንጓው አካባቢ ስለሆነ። የታችኞቹን ቅጠሎች አነሳና ሁለት ሦስት ብቻ ጫፉ ላይ እተዋለሁ። ሰፋፊ ከሆኑ ግማሻቸውን እቆርጣለሁ። ጭካኔ ይመስላል። ግን ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ጋ ነው፤ ቅርንጫፉ መጠጫ ሥር የለውም፣ ቅጠሉ ግን ውሃ ማትነኑን አይተውም። ሥር እስኪያወጣ ድረስ የእኛ ሥራ እንዳይደርቅ ማድረግ ብቻ ነው።

ብዙ ሰው ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ይከተዋል። እኔም ውሃውንና ቀጥሎ የምነግራችሁን ፑሚስ ጎን ለጎን ሞክሬያለሁ። ውሃው ደስ የሚለው ስለሚታይ ነው፤ መጀመሪያ ግንዱ ላይ ነጫጭ ጉብጉብ ነገር ይወጣል፣ ከዚያ ሥሩ ይረዝማል። ግን ውሃው በየቀኑ ወይም በየሁለት ቀኑ ካልተቀየረ ግንዱ ይልሞሰሞሳል። በፈረቃ በምትመጣ ውሃ ብርጭቆ መቀያየር ደግሞ ያማርራል። በዚያ ላይ ውሃ ውስጥ የወጣ ሥር ተሰባሪ ነው። አፈር ውስጥ ሲገባ ያኮርፋል፤ አንዳንዱ እዚያው ይቀራል።

እኔ የረጋሁት ፑሚስ ላይ ነው፤ ብሎኬት የሚሠራበት ያ ቀላል ድንጋይ። ብሎኬት ማምረቻ አጠገብ ከሆናችሁ አንድ ፌስታል አይነፍጓችሁም። ወንፍቶ አቧራውን ማጠብ፣ ከዚያ የፈላ ውሃ ማፍሰስና ማቀዝቀዝ። እርጥበት ይይዛል፣ አየርም ያስገባል። ፍግ ወይም ኮምፖስት በዚህ ጊዜ አይገባም፤ ምግቡን የሚበላ ሥር ገና የለም፣ ትርፉ ማበስበስ ነው። ታቹ የተበሳ የእርጎ ኩባያ እሞላና በስክሪብቶ ቀዳዳ እሠራለሁ። ቀንበጡን በቀጥታ መውጋት የተቆረጠውን አፍ ይልጠዋል። ቢያንስ አንድ አንጓ፣ ቢቻል ሁለት፣ ከውስጥ መሆን አለበት።

ከላዩ ታቹ የተቆረጠ ሃይላንድ ይደፋበታል። ጠዋት ስታዩት የሃይላንዱ ውስጥ ጉም ይዞ፣ ጠብታው በጎኑ ወደ ታች እየወረደ ከሆነ በቂ እርጥበት አለው ማለት ነው። ምንም ውሃ አልጨምርም። ክዳኑን ግን በቀን አንዴ ከፍቼ አየር አስገባለሁ። የማስቀምጠው ብርሃን ባለበት ጥላ ላይ ነው፤ ፀሐይ ቀጥታ ካረፈበት ሃይላንዱ ውስጥ ያለው ነገር ይቀቀላል። ማታ ማታ ወደ ኩሽና አስገባዋለሁ። እራት ሲበሰል ቤቱ ይሞቃል፣ እሱም ሙቀት ይወዳል።

ከዚያ መጠበቅ ነው። ቲማቲም በሳምንት ገደማ ሥር ሊያወጣ ይችላል፤ ቃሪያ ግን ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ይወስዳል። እየነቀሉ ማየት አይፈቀድም! አንድ ቅጠል ቢረግፍ ግንዱ አረንጓዴ እስከሆነ ድረስ አትደንግጡ። ከታች ወደ ላይ መጥቆር ከጀመረ ግን አብቅቷል፣ ጎረቤቱን ሳይበክል መጣል ነው። ሰው የሚሸወደው በአዲስ ቅጠል ነው። ቅርንጫፉ ግንዱ ውስጥ በቀረችው ስንቅ ሥር ሳያወጣም ቅጠል ሊያወጣ ይችላል። እኔ የማምነው ቀስ ብዬ ሳብ ሳደርገው ሲይዘኝ፣ ወይም ነጭ ሥር በኩባያው ቀዳዳ ብቅ ሲል ነው።

ጊዜው ወሳኝ ነው። በሐምሌና በነሐሴ ዳመና የተቆረጠው አብዛኛው ሻግቶ ይቀራል። ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ያለው ሙቀት ግን በነፃ የተሰጠ ነው፤ ክረምቱ ሲገባ ተክሉ ሥሩን ይዞ ይጠብቀዋል።

ሥር ከያዘ በኋላ ሃይላንዱን በአንዴ አላነሳም። መጀመሪያ ክዳኑን ብቻ፣ ቀጥሎ በቀን ጥቂት ሰዓት፣ በሳምንት ጊዜ ውስጥ ሙሉ በሙሉ። የአዲስ አበባ ፀሐይ አየሩ ቀዝቅዞም ቅጠል ታነጣለች። ከዚያ ታቹ ወደተበሳ ጀሪካን ይዛወራል። አምስት ሊትር ያኖረዋል፤ አሥር ሊትር ያበላዋል። ጥቁር አፈር ብቻውን ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ በደንብ የበሰበሰ ኮምፖስትና ያንኑ ፑሚስ ቀላቅሉበት። ድጋፍ እንጨት በዚያው ቀን ይተከል። ከዘር የበቀለ ቃሪያ ወደ ታች የሚወርድ ዋና ሥር አለው፤ የእኛው ሥሩ ዙሪያውን የተበተነ ስለሆነ ፍሬ ሲይዝ ይወድቃል። የመጀመሪያዎቹን አበቦች መልቀሙ ይቆጫል፣ ግን ይለቀም።

ክሽክሽ የሚባለው ጥቃቅን ተባይ ለጋው ቅጠል ሥር ይሰፍራል፤ በሳሙና ውሃ አጥበዋለሁ። የማጠጣው የአፈሩ ላይ ሲደርቅ ብቻ ነው። ውሃ ሲበዛ ቅጠሉ ያምራል፣ ቃሪያው ግን ለዘብ ይላል። ለዘብ ያለማ ከጉልትም አላጣ።