ኔት በሚቆራረጥበት ከተማ ሪፖ ስታወርዱ

ትልቅ ሪፖ (የአንድ ፕሮግራም ፋይሎች ከነለውጥ ታሪካቸው ያሉበት ማከማቻ) እያወረዳችሁ ሰባ በመቶ ላይ መብራት ይሄዳል። ላፕቶፑ ባትሪ አለው፤ ራውተሩ ግን ድርግም ይላል። ጎንደር ኮድ የሚጽፍ ሁሉ ያውቀዋል። ያንን ታሪክ የሚይዘው ፕሮግራም ጊት ደግሞ በዚህ ላይ ጨካኝ ነው። ሪፖ የሚያወርደው ትእዛዝ «ጊት ክሎን» መሀል ላይ ከተቋረጠ ካቆመበት አይቀጥልም፤ የጀመረውን ፎልደር ጠርጎ ይወጣል። የከፈላችሁበት ዳታ አለቀ ማለት ነው።

ማራኪ ሰፈር አብረውኝ ለሚሠሩት ልጆች መጀመሪያ የማሳያቸው ይህንን ነው፦ ታሪኩን ሁሉ በአንዴ አትጠይቁ። «ጊት ክሎን» ስትሉ ከሊንኩ በፊት ሁለት ሰረዝ፣ ዴፕዝ፣ 1 (--depth 1) ብላችሁ ጻፉ። የመጨረሻው ኮሚት (የተመዘገበ ለውጥ) ብቻ ይወርዳል፤ ፋይሎቹ ግን ሙሉ ናቸው፤ ማንበብም ማስኬድም ይቻላል። የቆየውን የፈለገ ፎልደሩ ውስጥ ገብቶ አዲስ ነገር በሚያመጣው ትእዛዝ በ«ጊት ፌች» ላይ ሁለት ሰረዝ፣ ዲፕን፣ 100 (--deepen 100) ብሎ ሲጨምር የመቶ ኮሚት ያህል ወደ ኋላ ይሄድለታል። ኔቱ ቢጠፋ የምትባክነው ያቺ ዙር ብቻ ናት፤ ቀድሞ የገባው አይነካም። በዴፕዝ የሚመጣው ዋናው ብራንች (የሥራ መስመር) ብቻ መሆኑን ግን ልብ በሉ።

ስክሪኑንም አንብቡት። «ሪሲቪንግ ኦብጀክትስ» እያለ ሲቆጥር ኔት ያስፈልገዋል። «ሪዞልቪንግ ዴልታስ» ላይ ከደረሰ ሁሉም ወርዷል፤ የቀረው የላፕቶፓችሁ ሥራ ስለሆነ መብራት ቢሄድም አትደንግጡ።

ከሁሉ የምወደው ግን ሌላ ነው። ሊነስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ2005 ጊትን ሲሠራው እያንዳንዱ ቅጂ ታሪኩን በሙሉ እንዲይዝ አድርጎ ነው። ስለዚህ አንዳችን ሌሊት ኔቱ ሲረጋጋ ሙሉውን አውርደን ፍላሽ ላይ እንገለብጣለን፤ ሌሎቹ በሊንኩ ፋንታ የፍላሹን አድራሻ ሰጥተው ክሎን ያደርጋሉ። ከዚያ በ«ጊት ሪሞት ሴት ዩአርኤል» ዋናውን ሊንክ ይመልሳሉ። ከዚያ ወዲያ ፑል ሲያደርጉ (ከዋናው ሪፖ ለውጥ ሲስቡ) የሚወርደው አዲሱ ብቻ ነው።

አንዷ ልጅ «ጋሼ፣ በፍላሽ የመጣውን ሰው ነካክቶት ቢሆንስ?» አለችኝ። ጥያቄዋን ወደድኩት። የኮሚት መለያ ቁጥር የሚሰላው ከይዘቱና ከበፊቱ ኮሚት ቁጥር ነው፤ አንድ ፊደል ቢቀየር ከዚያ በኋላ ያለው ቁጥር ሁሉ ይቀየራል። መጀመሪያ «ጊት ኤፍኤስሲኬ» ብላችሁ አስፈትሹት፤ ከዚያ የላይኛውን ኮሚት ቁጥር ዋናው ሪፖ ላይ ካለው ጋር አስተያዩ። ገጠመ ማለት እስከ መጀመሪያው ኮሚት ድረስ ያለው ያው ራሱ ነው።