ፓን ውስጥ የተጨናነቀው ስኳር

ስኳር ፋብሪካ፣ ፓን ክፍል የገባሁ ሰሞን ነው። ፓን የምንለው ሲረፑ በቫኪዩም፣ 70 ዲግሪ አካባቢ እየፈላ ስኳር የሚያፈራበት ትልቅ ጋን ነው። ሲረፑ በደንብ ሲወፍር፣ አልኮል ውስጥ የተፈጨ የላመ ስኳር እንጨምርበታለን። ዘሩ እሱ ነው።

ሂሳቤ ቀላል ነበር። ዘሩ ከበዛ ስኳሩ የሚያርፍበት ገጽ ይሰፋል፤ ሥራው ቶሎ ያልቃል። አንድ ሌሊት ዘሩን እጥፍ አደረግኩት።

መጀመሪያ ላይ ፈጠነ። ከዚያ የስኳር ፍሬዎቹ አላድግ አሉ። ጋሼ የምንላቸው አንጋፋ ሠራተኛ ናሙና ቀዱ፤ መስታወት ላይ በጣታቸው ዘርግተው አምፖል ፊት ያዙት። ፍሬዎቹ ትከሻ ለትከሻ ገጥመዋል። በመሐላቸው ብርሃን አያልፍም።

«ልጄ፣ ዘር አብዝተሻል። ሁሉም እንደቀጨጨ ይቀራል» አሉኝ።

ልክ ነበሩ። ፍሬውን የከበበው ሲረፕ ስኳሩን ሲሰጥ ይሳሳል፤ በቦታው አዲስ ሲረፕ መምጣት አለበት። ፍሬዎቹ ሲጠጋጉ ግን ፓኑ ውስጥ ያለው እንደ ገንፎ ይከብዳል፣ አይዘዋወርም። ያችኑ ስኳር ሁሉም ይሻማባታል። ፍሬው እጥፍ ሲሆን የአንዱ ድርሻ በግማሽ ይቀንሳል፤ ርዝመቱ የሚያጥረው ግን 20 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ወረቀት ላይ ምንም አይመስልም።

ጉዱ የታየው ሴንትሪፉጁ፣ ማለትም እየተሽከረከረ ፍሬውን ከሞላሰሱ (ከተረፈው ወፍራም ፈሳሽ) የሚለየው ማሽን ላይ ነው። ፓኑ ሞልቶ ስለነበር ማረም አልቻልንም። ደቃቁ ፍሬ በወንፊቱ አልፎ ከሞላሰሱ ጋር ሄደ። የቀረው ሞላሰሱን አለቅ አለ። ማጠቢያ ውሃ ጨመርን፤ ውሃው ደግሞ ስኳሩን ራሱን አሟሟው። የዚያን ሌሊት ኪሳራ እስከዛሬ ይቆጨኛል።

ደንግጬ በሌላ ጊዜ ዘሩን በጣም ቀነስኩት። ያም አልሆነም። ስኳሩ የሚያርፍበት ሲያጣ ሲረፑ ከመጠን በላይ ወፈረ፤ ያልዘራነው ደቃቅ ፍሬ በራሱ ተፈለፈለ። ዞሮ ዞሮ ያው መጨናነቅ!

አሁን ዘሩን በሚዛን ነው የማስገባው። ናሙናም ቶሎ ቶሎ እቀዳለሁ። በፍሬዎቹ መሐል ብርሃን የሚያልፍ ከሆነ ሲረፕ መስጠቴን እቀጥላለሁ። መጠጋጋት ከጀመሩ ፓኑ እስኪሞላ አልጠብቅም፤ ግማሹን ወደ ሌላ ፓን አሳልፌ ለሁለቱም አዲስ ሲረፕ እሰጣለሁ። ትንሽ ቆይቼ መስታወቱን ሳነሳ ፍሬዎቹ ተራርቀው፣ ጠርዛቸው ስል ሆኖ ይታየኛል።