ወተት ጠጣና ተኛ

ዛሬ እሁድ ነው። እንቅልፍ እምቢ ስላለኝ ነው የምጽፈው። ከሰዓት በኋላ እዚህ አዳማ፣ ከፍራንኮ ሰፈር አለፍ ብላ ባለች ሻይ ቤት ጓሮ 14 ሆነን ተሰብስበን ነበር። ሁላችንም የላሜራ ሰዎች ነን። በር የሚሰራ አለ፣ አሸንዳ የሚያጥፍ አለ፣ የሆቴል ኩሽና የጭስ መሳቢያ የሚገጥም አለ፣ ሁለቱ ጋራዥ ውስጥ የመኪና አካል የሚያቃኑ ባትላሜራ ናቸው። ከአምስት የብረት ስራ ቤት ነው የመጣነው። የተሰበሰብነው የሰራተኛ ማህበር ለማቋቋም ነው። 22 ዓመት ብረት ስቆርጥ ይሄን ቃል ከራሴ አፍ ሲወጣ ሰምቼው አላውቅም ነበር።

ነገሩን የቀሰቀሰው ልጁ ነው። ስራ የማስለምደው ልጅ አለ። ከአርሲ ገጠር ነው የመጣው፣ እጁ ቀልጣፋ ነው፣ አንዴ ያሳየሁትን ሁለተኛ አያስደግመኝም። ባለፈው ማክሰኞ ቀኑን ሙሉ የውሃ ገንዳ ሲበይድ ዋለ። ገንዳው ደግሞ የሚሰራው ከጋልቫናይዝድ ላሜራ ነው። የአዳማን ነፋስ የምታውቁት ታውቁታላችሁ፣ አቧራውን አንስቶ ሲመጣ በር ከመዝጋት ሌላ ምርጫ የለም። ዘጋነው። ጭሱም ከኛ ጋር ተዘጋ።

ማታ ሶስት ሰዓት ላይ ደወለልኝ። "ጋሼ፣ ወባ ሳትይዘኝ አልቀረችም" አለኝ። ጥርሱ ሲንገጫገጭ በስልኩ ይሰማኛል። አዳማ ውስጥ የተንቀጠቀጠ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ወባን ነው፣ ማሰቡም ልክ ነው። እኔ ግን "አፍህን ምን ምን ይልሃል?" ብዬ ጠየቅኩት። "ሳንቲም ስልስ የዋልኩ ይመስለኛል" አለኝ። ያኔ ገባኝ።

ለማታውቁት፣ ጋልቫናይዝድ ማለት ዝገት እንዳይበላው በዚንክ የተለበጠ ብረት ነው። ስትበይደው ዚንኩ ይተንና ነጭ ጭስ ይሆናል። ያንን ጭስ ስትተነፍሰው ስትውል ወዲያው ምንም ላይሰማህ ይችላል። ከጥቂት ሰዓት በኋላ ግን ትኩሳቱ፣ ብርዱ፣ ራስ ምታቱ፣ የደረት መጨነቁ ይመጣል። አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ሁለት ቀን ይለቃል። ስለሚለቅ ነው ማንም ቁም ነገር ያላደረገው። እኔ ለማጅ ሆኜ ሲይዘኝ የነበረው አለቃዬ "ወተት ጠጣና ተኛ" ነበር ያለኝ። ለእሱም የራሱ አለቃ እንደዚያው ብሎታል። ወተት ደግ ነገር ነው፣ ግን የሚሄደው ሆድ ውስጥ ነው፣ ጭሱ ያለው ሳንባ ውስጥ ነው። የሚያድነው በር ከፍቶ መስራት፣ ጭሱን ከፊትህ ስቦ የሚያወጣ ማራገቢያ፣ የሚበየደውን ጠርዝ ቀድሞ ከልባሱ ማጽዳት፣ ለብየዳ ጭስ ተብሎ የተሰራ ማስክ ነው። ትንፋሽ ካጠረ ደግሞ ሳያመነቱ ሐኪም ጋ መሄድ ነው።

በማግስቱ ጠዋት ይዤው ሄድኩ። ደሙ ተመረመረ፣ ወባ የለበትም። ከሰዓት ተሽሎት ስራ ገባ። የግማሽ ቀን ሂሳቡ ተቆረጠበት። እኔን ያበገነኝ ይሄ ነው። ትኩሳቱን ከስራ ነው ያመጣው፣ ሂሳቡን የከፈለው እሱ ነው። እና እኔ ምን አደረግኩ? ከጎኑ ቆሜ በሩን የዘጋሁት እኔው ነኝ። ይሄን ስጽፍ ያፍነኛል።

የራሴ ታሪክ ከዚህ የተለየ አይደለም። በ1995 ነው የጀመርኩት። ሶስት ዓመት ያለ ውል፣ በምሳና በትራንስፖርት ነው የተማርኩት። ስወጣ ይሄ ሰው እዚህ ቤት ሙያ ለምዷል የሚል አንዲት ወረቀት እንኳን አልሰጡኝም። ከዚያ 2003 ላይ፣ ስሙን የማልጠራው ቤት ውስጥ፣ መቁረጫው የግራ እጄን ሌባ ጣት እስከ አንደኛው አንጓ ወሰደው። መከላከያው ከተነቀለ ቆይቶ ነበር፣ ስራ ያዘገያል ተብሎ። ባልደረቦቼ እዚያው ኮፍያ አዙረው መዋጮ አዋጡልኝ። የአንዱን ፊት እስካሁን አስታውሳለሁ፣ ለቤት ኪራይ ያስቀመጠውን ነው ያወጣልኝ። በአምስተኛው ሳምንት እጄን አስሬ ስሄድ ሞርሳዬ ላይ ሌላ ሰው ቆሟል። ሰላም አልኩት፣ ወጣሁ። ምን እላለሁ? መብት እንዳለኝ አላውቅም።

ነበረኝ። በስራ ላይ ጉዳት የደረሰበት ሰራተኛ ለመጀመሪያዎቹ ሶስት ወራት ሙሉ ደመወዙ፣ ለቀጣዮቹ ሶስት ወራት ከ75 በመቶ ያላነሰ፣ ከዚያ በኋላ ላሉት ስድስት ወራት ከ50 በመቶ ያላነሰ ይከፈለዋል። ህግ ነው። ይሄን ያወቅኩት ጣቴ ከጠፋ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። አንድም ሰው ስላልነገረኝ አልተቀየምኩም፣ ማንስ ያውቅ ነበር? ሁላችንም እኩል ነበርን በአለማወቅ።

ስብሰባው ላይ አንዱ ወንድማችን "ዕድር አለን፣ ዕቁብ አለን፣ ደግሞ ሌላ መዋጮ ለምን?" አለ። ጥያቄው ጥሩ ነው፣ ቶሎ ሊመለስም አይገባውም። እኔ ያለ ዕድር ያደግኩ ሰው አይደለሁም፣ አባቴን የቀበረልኝ ዕድር ነው። ግን ዕድር የሚመጣው ሰው ከወደቀ በኋላ ነው። ድንኳኑን ይተክላል፣ ንፍሮውን ያቀርባል፣ ያጽናናል። መቁረጫው ላይ መከላከያ ይገጠም ብሎ ባለቤቱን የሚጠይቅ ዕድር ግን አይቼ አላውቅም። ስራውም አይደለም። ያ ሌላ ማህበር ይፈልጋል።

ደግሞ ነገሩ ለዚህ አካባቢ አዲስ አይደለም። ወንጂ አፍንጫችን ስር ነው። ሆላንዶቹ ስኳር ፋብሪካውን በተከሉበት ዘመን እዚያ የነበሩ ሰራተኞች በአገሪቱ ቀደምት ከሚባሉት ማህበራት አንዱን አቋቁመዋል። በ1955 አገር አቀፉ የሰራተኞች ማህበር ሲመሰረት ከፊት ከነበሩት ውስጥ ናቸው። ከመካከላችን በዕድሜ ትልቁ ይሄን ሲሰማ "አጎቴ እዚያ ነበር" ብሎ ጮክ አለ። እሱ ሁልጊዜ ጮክ ብሎ ነው የሚያወራው፣ 40 ዓመት ሙሉ ላሜራ በመዶሻ ሲቀጠቅጥ ጆሮው ሄዷል። ጆሮውን የሸፈነበት አንድም ቀን የለም። እንዲህ ያለው ጉዳት ተመልሶ አይድንም።

ሀሳቡ ይበልጥ የገባኝ ከአክስቴ ልጅ ነው። አሜሪካ ከሄደ በኋላ እኔ የምሰራውን ስራ ነው የጀመረው፣ የህንጻ አየር ማስተላለፊያ ላሜራ ያጥፋል፣ ይገጥማል። እዚያ የላሜራ ሰራተኞች ማህበር አለ። በፈረንጆቹ 1888 ኦሃዮ ውስጥ ቶሊዶ በምትባል ከተማ የተመሰረተ ነው። ለማጅ ሆኖ ሲገባ ውል ፈረመ። ልምምዱ አራት አምስት ዓመት ነው። ቀን ይሰራል፣ ይከፈለዋል፣ ከዚያ ላይ ክፍል ገብቶ ይማራል። ንድፍ መዘርጋት፣ ሂሳብ፣ ብየዳ፣ ደህንነት። ደመወዙ የሙሉ ባለሙያውን ተሰልቶ በመቶኛ ነው የሚጀምረው፣ እየተማረ ሲሄድ በየደረጃው ይጨምራል። ትምህርቱን የሚከፍልለት ማህበሩና አሰሪዎቹ በጋራ ያቋቋሙት ፈንድ ነው፣ ከእያንዳንዱ የስራ ሰዓት ላይ ትንሽ ትንሽ እየገባ። አስቤስቶስ የሚባለው የህንጻ ቁስ ብናኝ ሳንባቸውን የጎዳቸው የቆዩ አባላት ስላሉ በፈረንጆቹ ከ1986 ጀምሮ ሳንባ የሚያስመረምር ድርጅት እንኳን አላቸው። የአክስቴ ልጅ ይሄን ሲነግረኝ እንደ ተራ ነገር ነበር የሚያወራው። እኔ ግን ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ጣቴን እያየሁ ቁጭ አልኩ።

የእነሱ ገንዘብ የለንም። አውቃለሁ። ህጉ ግን አለን። በ2011 የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 በእጃችን ነው፣ ዛሬ ታትሞ መጥቶ ተራ በተራ አነበብነው። አስር ሰራተኛ ያለበት ቤት ማህበር ማቋቋም ይችላል። እኛ ሶስት አራት ሆነን ነው በየቤቱ የምንሰራው፣ ስለዚህ አይመለከተንም ብለን ነበር። ለካ ከአስር በታች ሰራተኛ ያላቸው ቤቶች ሰራተኞች ተሰባስበው ጠቅላላ ማህበር የሚባለውን ማቋቋም ይችላሉ፣ አባላቱ ከአስር ካላነሱ። እኛ 14 ነን! መተዳደሪያ ደንብ፣ የመሪዎች ስምና ፊርማ፣ አባላቱ የሚሰሩባቸው ቤቶች ስም ይዘን ለምዝገባ እናቀርባለን። በ15 ቀን ውስጥ መልስ ካልተሰጠ እንደተመዘገበ ይቆጠራል ይላል። የማህበር አባል ስለሆነ ብቻ ሰውን ማባረር ክልክል ነው። ይቺን አንቀጽ ስናነብ ጓሮው ጸጥ አለ። ሁላችንም በልባችን የነበረው ፍርሃት ያ ነበርና።

ፍርሃቱ ጨርሶ ጠፋ አልልም። ሁለቱ ስማቸውን ሳይጽፉ ነው የሄዱት፣ ቤተሰብ አላቸው፣ እረዳቸዋለሁ። ቀስ ብለው ይመጣሉ።

ረጅም ክርክር የተነሳው መነጽርና ጓንት ላይ ነው። ገሚሱ ከመዋጯችን እንግዛ አለ። እኔ ተቃወምኩ። የአደጋ መከላከያ መግዛት የአሰሪው ግዴታ ነው፣ እኛ ከገዛን ግዴታውን ከትከሻው አወረድንለት ማለት ነው። መዋጯችን የህግ ምክር ለሚያስፈልገው፣ የብቃት ማረጋገጫ ፈተና መክፈያ ላጣ ለማጅ፣ ስራ ቆሞበት ቤት ለተቀመጠ አባል ይሁን አልኩ። ያ ጆሮው የሄደው ሰውዬ ግን "ክርክሩ እስኪያልቅ የልጆቹ ዓይን ይጠብቃል?" አለኝ። መልስ አልነበረኝም። ብየዳ ዓይኑን የመታው ሰው ሌሊቱን እንዴት እንደሚያድር ሁላችንም እናውቃለን፣ ዓይንህ ውስጥ አሸዋ የተበተነ ይመስልሃል፣ ድንች ቆርጠን ለጥፈን ያደርን ነን። ለለማጆቹ አሁኑኑ እንገዛለን፣ ሂሳቡን ግን ለአሰሪዎቹ በደብዳቤ እናቀርባለን ተባባልን። ልክ ነበር ያለው።

ስለ አሰሪዎቹ አንድ ነገር መጻፍ እፈልጋለሁ። ብዙዎቹ ትናንት ከኛ ጋር መዶሻ የያዙ ሰዎች ናቸው። የላሜራ ዋጋ በየጊዜው ሲንር የሚያድሩት እንቅልፍ የሌለው ሌሊት ነው። ጓንት የሚገዛና የሰራተኛውን ጡረታ የሚከፍል ቤት፣ ያን ከማያደርገው ጎረቤቱ ጋር ሲጫረት በዋጋ ይሸነፋል። ደጉ ሰው የሚቀጣበት አሰራር ነው ያለን። አምስቱም ቤቶች ከማህበሩ ጋር አንድ ህብረት ስምምነት፣ ማለትም ለሁሉም እኩል የሚሰራ የጋራ ውል ቢፈርሙ ግን ማንም በደግነቱ አይከስርም። ይሄን ለአለቃዬ ነገ ልነግረው ነው። የሚሰማኝ ይመስለኛል። የጡረታውን ነገር ደግሞ በተለይ፣ ህጉ ከአሰሪው 11 ከሰራተኛው 7 በመቶ ይላል፣ እኔ 22 ዓመት ሰርቼ አንድም ወር አልገባልኝም። እርጅናዬ ሲመጣ ይዤው የምሄደው ይሄን ጎደሎ እጅ ብቻ ነው።

ማታ ልጁ ቤት መጣ። የለማጅ ውሉን ረቂቅ አብረን ልንጽፍ። ህጉ ውሉ በጽሑፍ እንዲሆን ያዛል፣ የሚለምደው ሙያ ምን እንደሆነ፣ ስንት ጊዜ እንደሚፈጅ፣ ስንት እንደሚከፈለው፣ የስራው ሁኔታ። ሲጨርስም ምን እንደለመደና ለምን ያህል ጊዜ እንደለመደ የሚገልጽ ምስክር ወረቀት ይሰጠዋል። ባለቤቴ ሻይ አቀረበችልን። ደብተሩን ራሱ ነው የያዘው፣ ጽሑፉ ከኔ ያምራል። ስሙን ጻፈ። ሙያ ከሚለው ጎን "የላሜራ ስራ" ብሎ ጻፈ። ዕድሜ የሚለው ላይ ሲደርስ እስክሪብቶውን አንስቶ ቀና ብሎ አየኝ።

"ጋሼ፣ ዕድሜዬን ስንት ልበል?"

ሲቀጠር 18 ነኝ ብሏል፣ እንዳይመልሱት። ከ18 በታች ያለ ልጅ በቀን ከሰባት ሰዓት በላይ፣ በሌሊት፣ በትርፍ ሰዓት አይሰራም። እሱ ስንት ሰዓት ሲሰራ እንደኖረ አውቃለሁ።

"ያለህን ጻፍ" አልኩት።

ትንሽ አሰበ። 17 ብሎ ጻፈ።