ሰኞና ሐሙስ

ረቡዕ፣ ማታ

ዛሬ ከስም መጥሪያው ላይ አንድ ስም ሰረዝሁ። ደንቡ ግልጽ ነው፤ ከተፈቀደው ቀን በላይ የቀረ ሠልጣኝ ይሰናበታል። መስመሩን ሳሰምር አላመነታሁም። አሁን ግን እንቅልፍ እምቢ ብሎኛል።

ልጁ ገና 19 ዓመቱ ነው፤ ትምህርቱን በልጅነቱ አቋርጧል። ብየዳ በጀመረበት ሳምንት ኤሌክትሮዱ፣ እየቀለጠ ብረትን ከብረት የሚያያይዘው ቀጭን በትር፣ ብረቱ ላይ እየተጣበቀ ያበሳጨው ነበር። ጀማሪ ሁሉ እንዲሁ ነው፤ እሳቱን ሲፈራ እጁን ያርቃል፣ ብረቱም ይረጫል፤ ቅረብ ሲሉት ደግሞ ያጣብቀዋል። በኤሌክትሮዱ ጫፍና በብረቱ መካከል የሚኖረው ክፍተት የኤሌክትሮዱን የብረት ዘንግ ውፍረት ያህል ነው፤ 3.2 ሚሊሜትር ከሆነ ሦስት ሚሊሜትር ገደማ። ኤሌክትሮዱ እየነደደ ሲያጥር ያንን ክፍተት በጥቁር መስታወት እያዩ መጠበቅ በቃል ማብራሪያ የሚገባ ነገር አይደለም። «በጆሮህ ፈልገው» አልሁት። ክፍተቱ ልክ ሲሆን ድምፁ ወጥ ይሆናል፤ ሲሰፋ ይቆራረጣል። በሦስተኛው ሳምንት ጭንብሉን ሳያነሳ «መምህር፣ ሰማሁት!» ብሎ ጮኸ። ቅርፊቱን በመዶሻ ሲያራግፈው ከሥሩ እኩል እኩል የተደራረበ፣ የሚያምር መስመር ወጣ። እንዲህ ያለ ጆሮ ያለው ልጅ ብዙ አላጋጠመኝም።

ከዚያ መቅረት ጀመረ። ሁልጊዜ ሰኞና ሐሙስ። ስንፍና መሰለኝ፤ ጠርቼ እንኳ አልጠየቅሁትም። ስሙ ከተሰረዘ በኋላ ነው ጓደኛው የነገረኝ፦ በእነዚያ ቀናት ጭነት ያወርዳል። ታናሽ እህቱን የሚያሳድጋት እርሱ ነው።

ሥልጠናው በነጻ ነው እያልን እንናገራለን። ለእርሱ ግን እኛ ዘንድ የዋለበት ቀን ሁሉ ያልሠራበት፣ እህቱም የምትበላውን የሚያጣበት ቀን ነው። አንድ ሳንቲም ሳንቀበለው የቀን ገቢውን ስናስከፍለው ኖረናል።

ለሠልጣኝ መክፈል አዲስ ነገር ቢሆን ኖሮ ባልተቆጨሁ። ጣሊያናዊው የካቶሊክ ካህን ዶን ቦስኮ በቱሪን ከተማ ለድኻ ልጆች ሙያ ሲያፈላልግ፣ እ.ኤ.አ. በ1852 ለአንድ የአናጢ ተለማማጅ የጽሑፍ ውል አስፈርሞ ነበር። አሠሪው ልጁን በዱላ ሳይሆን በቃል እንዲያርም፣ ከሙያው ውጭ በሆነ ሥራ እንዳያደክመው፣ በየጊዜው የሚያድግ የቀን ክፍያም እንዲሰጠው የሚያስገድድ ውል ነው። በጀርመን ዛሬም ተለማማጅ ጊዜውን ለሥራ ቦታና ለሙያ ትምህርት ቤት ያካፍላል፤ አሠሪውም ይከፍለዋል። እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ የክፍያው ዝቅተኛ መጠን በሕግ ተወስኗል።

እኛ ዘንድ አበል ይሰጣቸው የሚል ሐሳብ ሲነሳ «ለገንዘብ ብለው ይመጣሉ» ይባላል። ይህን ቃል በስብሰባ ላይ እኔም ተናግሬዋለሁ። ለምን አይመጡም? እኔስ በየወሩ ደመወዜን እየተቀበልሁ አይደለም ወይ የማስተምረው? የተራበ ሰው ሙያን ከምግብ እንዲያስቀድም መጠበቅ ጭካኔ ነው።

ለኃላፊው የማቀርበውን ጽፌ ጨርሻለሁ። የሁለቱ ቀናት ልምምድ ወደ ማታ ይዛወር፤ ከውጭ ታዘው ከሚሠሩት በሮችና መስኮቶች ገቢም ሠልጣኞቹ ድርሻ ይኑራቸው። የመጀመሪያውን ይቀበለኛል ብዬ አስባለሁ፤ በሁለተኛው መሟገቴ አይቀርም።

ነገ ሐሙስ ነው። ጭነት የሚወርድበትን ቦታ ጓደኛው አሳይቶኛል፤ ሥራ ሳይጀመር በማለዳ ሄጄ እጠብቀዋለሁ።