«ምን ሥራ አለኝ!»

ዛሬ ደብረ ብርሃን አጠገብ ለጥናት ያዘጋጀነውን መጠይቅ ሰው ላይ ስንሞክር ዋልን። አንዲት እናት «ባለፉት 7 ቀናት ሥራ ሠርተዋል?» ብላቸው «ኧረ ልጄ፣ ምን ሥራ አለኝ!» አሉኝ። እጃቸው እስከ ክርናቸው ሊጥ ነው፤ ለሦስት ሆቴሎች እንጀራ እየጋገሩ ያቀርባሉ። ጥያቄውን እንዴት እንደተረዱት ስጠይቃቸው፣ «ደመወዝ አለሽ ወይ ማለትህ አይደል?» አሉ። ቢሮ ተቀምጠን አንድ ሳምንት የተከራከርንበት ጥያቄ በአንድ ትንፋሽ ፈረሰ። (የጻፍኩትም እኔው ነኝ፤ በማን ልቆጣ?) አሁን «ለሽያጭ የሚሆን ነገር ለአንድ ሰዓት እንኳ ጋግረዋል፣ ጠምቀዋል፣ ፈትለዋል?» ብለነዋል።

ዕድሜማ ሌላ ጣጣ ነው፤ ሰው በግምት እያጠጋጋ ስለሚናገር መንደሩ ሁሉ 40፣ 45 ወይም 50 ነው። መሬቱ ስንት ሄክታር ነው ስንለው ዝም ያለው ገበሬ ደግሞ ስንት ጥማድ (ጥንድ በሬ በቀን የሚያርሰው መሬት) ስንለው ወዲያው መለሰ።

ስንወጣ እኚያ እናት ትኩስ እንጀራ ጠቅልለው ሰጡኝ። ልክፈል ብል ተቆጡኝ።